ሙቀቱ አንድ፣ ስሙ ብዙ፦ የቻይና ባህላዊ ሕክምና የማረጥ ምልክቶችን እንዴት ይለያል?

«ሙቀቱ ከየት ይነሳብዎታል? ከደረት ነው ወይስ ከእግር? ካለፈ በኋላስ ይበርድዎታል?»

የቻይና ባህላዊ ሕክምና ባለሙያ በማረጥ ዕድሜ ላይ ያለች፣ ድንገተኛ ሙቀት ያስቸገራትን ሴት ከሚጠይቃት መካከል እነዚህ አይቀሩም። ጥያቄዎቹ ተራ ይመስላሉ፤ ለእሱ ግን «የወር አበባዎ መቼ ቆመ?» ከሚለው በላይ ይመዝናሉ። ማረጧን እሷም ታውቃለች። እሱ የሚያጣራው ሙቀቱ ምን ዓይነት ሙቀት እንደሆነ ነው።

በዘመናዊው ሕክምና ነገሩ አጭር ነው። አንዲት ሴት 12 ወር በተከታታይ የወር አበባ ካላየች፣ ሌላ ምክንያት እስከሌለ ድረስ፣ አርጣለች ይባላል። ዕድሜዋ ከ45 በላይ ከሆነና ምልክቶቹ ከታዩ አብዛኛውን ጊዜ የሆርሞን የደም ምርመራ እንኳ አያስፈልግም። መነሻው አንድ ነው፦ ኦቫሪ ኤስትሮጅን ማምረቱን ይቀንሳል፤ አንጎል ውስጥ ያለው የሰውነት ሙቀት መቆጣጠሪያ ይረበሻል፤ ያ ከደረት ተነስቶ ፊትን የሚያቀላው ወላፈን ይመጣል። በቻይናው መንገድ ግን ማረጥ በሽታ ሳይሆን ወቅት ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱ ክፍል ስም ራሱ ሲተረጎም «የወር አበባ ከመቆሙ በፊትና በኋላ የሚታዩ ልዩ ልዩ ምልክቶች» ይላል። የምርመራው ሥራ እነዚያን ልዩ ልዩ ምልክቶች አሰባስቦ መልክ መስጠት ነው። ይህን መልክ የመለየት ሥራ በቻይንኛ ቢየን ዠንግ ይሉታል። ስለዚህ ሙቀት አለብኝ ብለው የመጡ አምስት ሴቶች አምስት የተለያየ ስም ይዘው፣ አምስት የተለያየ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ሊወጡ ይችላሉ።

«ኩላሊት» ሲሉ ኩላሊት አይደለም

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ባለሙያው «ኩላሊትዎ ደክሟል» ሲል ሽንት ስለሚያጣራው አካል እየተናገረ አይደለም። እኛ «አንጀቴን በላው» ስንል ስለ አንጀት ሕመም እንደማናወራ ማለት ነው፤ አንጀቷ የተላወሰ ሴት ለአንጀት ምርመራ አትላክም። በቻይናው አስተሳሰብ «ኩላሊት» ሰው ሲወለድ ይዞት የሚመጣው የሕይወት ስንቅ የሚቀመጥበት ጎተራ ነው። እድገት፣ መውለድ፣ አጥንት፣ ጥርስ፣ የራስ ፀጉር፣ የጆሮ መስማት ሁሉ ከዚህ ጎተራ ይቀለባሉ። ስንቁ ጂንግ ይባላል፤ ከዕድሜ ጋር ይጎድላል እንጂ እንደገና አይሞላም፤ በምግብና በዕረፍት መቆጠብ ግን ይቻላል ይላሉ።

ሐሳቡ ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት ከተጠናቀረው ከሁዋንግዲ ኔይጂንግ ይነሳል። መጽሐፉ የሴትን ዕድሜ በሰባት በሰባት ይቆጥራል፤ የወንድን በስምንት። በ7 ዓመቷ ጥርሷን ትቀይራለች። በሁለተኛው ሰባት፣ በ14፣ ቲየን ጉዊ የተባለው ነገር ይመጣና የወር አበባ ይጀምራል። በ28 ጡንቻና አጥንት ይጸናል። በ35 ፊት መጠውለግ፣ ፀጉር መርገፍ ይጀምራል፤ በ42 ፀጉር ይሸብታል። በሰባተኛው ሰባት፣ በ49፣ ከማሕፀን ጋር የተያያዙት ሬንና ቾንግ የተባሉት ሁለት መስመሮች ይደርቃሉ፤ ቲየን ጉዊ ያልቃል፤ መውለድ ይቆማል። ቁጥሩ ዛሬ ከሚታወቀው የማረጥ ዕድሜ ብዙ አይርቅም። ሆኖም መጽሐፉ የሚገልጸው የተፈጥሮን መንገድ ነው፤ በ49 ስለሚመጣ ወላፈንም ሆነ የእንቅልፍ እጦት አንድም ቃል አይናገርም።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው። «የማረጥ ምልክቶች» የሚል ራሱን የቻለ የምርመራ ክፍል የተደራጀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ ቻይና ባህላዊ ሕክምናዋን በኮሌጅና በወጥ መማሪያ ማስተማር ስትጀምር ነው። ድሮ ምልክቶቹ በየምዕራፉ ተበትነው ነበር፦ ላቡ በላብ ምዕራፍ፣ እንቅልፍ ማጣቱ በእንቅልፍ ምዕራፍ፣ ለቅሶው ደግሞ ዛንግ ዛኦ በሚለው ስም። «የሺህ ዓመታት ጥበብ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ አይደለም።

ውሃ ያነሰው ድስት

ዪንና ያንግን ለማስረዳት ብዙ ፍልስፍና ይነገራል፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ድስት ይበቃል። ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት አስቡ። ውሃው ዪን ነው፤ ያረጥባል፣ ያቀዘቅዛል፣ ያረጋጋል። እሳቱ ያንግ ነው፤ ያሞቃል፣ ያንቀሳቅሳል። ውሃው ካነሰ እሳቱ ላይ ምንም እንጨት ሳይጨመር ድስቱ ይግላል፣ ወጡ ያራል። ይህ የእሳት ብዛት ሳይሆን የውሃ ማነስ ሙቀት ነው፤ ስሙም «ባዶ ሙቀት» ነው። በማረጥ ጊዜ አብዛኛው ወላፈን የሚመደበው እዚህ ነው። እሳቱ ራሱ ከደከመ ደግሞ ድስቱ አይፈላም፤ ሴትየዋ ይበርዳታል፣ እግሯ ያብጣል፣ ይደክማታል።

ልዩነቱ ከቃላት ያለፈ ነው። ባዶ ሙቀትን እንደ እውነተኛ ትኩሳት ቆጥሮ ኃይለኛ ቀዝቃዛ ዕፅ የሚያዝ ሰው፣ በእነሱው አነጋገር፣ ውሃ ባነሰው ድስት ውስጥ ውሃ ሳይጨምር እሳቱን ያጠፋል። ውጤቱ የሆድ ሕመም፣ ተቅማጥና የምግብ ፍላጎት መጥፋት ነው። ሁዋንግ ቺንና ሁዋንግ ባይን የመሳሰሉ መራራ ዕፆች በሚበርዳት ሴት ላይ ይህን ያደርጋሉ ተብለው በጥንቃቄ የሚታዘዙት ለዚህ ነው።

ምርመራው፦ ማየት፣ ማድመጥና ማሽተት፣ መጠየቅ፣ መዳሰስ

አራቱ መንገዶች እነዚህ ናቸው፤ በማረጥ ጊዜ ከሁሉ የሚረዝመው መጠየቁ ነው። «አሥሩ ጥያቄዎች» የሚባል ዝርዝር ከሚንግ ሥርወ መንግሥት ጀምሮ በቃል ይጠናል። ብርድና ሙቀት፣ ላብ፣ ራስና ሰውነት፣ ሽንትና ሰገራ፣ ምግብ፣ ደረት፣ ጆሮ፣ ጥማት ይጠየቃሉ። በኋላ የተጨመረው የሴቶች የወር አበባ ነው። ቀጥሎ ያለው የላብ ጥያቄ ብቻውን ምን ያህል እንደሚጠልቅ ተመልከቱ።

በእንቅልፍ ላይ የሚመጣ፣ ሲነቁ የሚቆም ላብ ዳኦ ሃን ይባላል፤ «ሌባ ላብ» ማለት ነው፣ ተኝተው ሳለ ስለሚገባ። ወደ ዪን ማነስ ያመለክታል። ቀን ላይ ያለ ምክንያት፣ ትንሽ እንደተንቀሳቀሱ የሚፈስሰው ላብ ወደ ኃይል ማነስ፣ ማለትም ወደ ቺ ጉድለት ያዘነብላል። ከላቡ በኋላ ብርድ ብርድ የሚላት ሴት የያንግም መጓደል ይጠረጠርባታል። ሙቀቱ ከሰዓት በኋላና ሌሊት የሚበረታ፣ መዳፍ፣ ውስጥ እግርና ደረት የሚያቃጥል ከሆነ የዪን ነው። ከንዴት ወይም ከጭንቀት ጋር የሚነሳ ከሆነ የጉበት ነው፤ «ጉበት»ም እንደ «ኩላሊት» የእነሱ አነጋገር ነው።

ምላስ በተፈጥሮ ብርሃን ይታያል፤ ረጅም ጊዜ ወጥቶ የቆየ ምላስ ቀለሙ ስለሚቀየር በአጭሩ። ሥሩ ለኩላሊት፣ መሃሉ ለሆድና ለጣፊያ፣ ጎኖቹ ለጉበት፣ ጫፉ ለልብ ተመድቧል። ቀይ፣ ቀጭን፣ የተሰነጣጠቀና ልባስ የሌለው ምላስ ለዪን ማነስ ጥንታዊው ምልክት ነው። የገረጣ፣ ያበጠ፣ ጠርዙ ላይ የጥርስ አሻራ ያለበትና እርጥብ ከሆነ ያንግ አንሷል። ጫፉ ብቻ የቀላ ከሆነ ልብ ሞቋል። ቅባት የመሰለ ወፍራም ልባስ የአክታና የእርጥበት ነው።

ትርታውን ለመዳሰስ ታካሚዋ ክንዷን በልቧ ከፍታ፣ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ትንሽ ትራስ ላይ ታሳርፋለች። ባለሙያው የመሃል ጣቱን ከአውራ ጣቷ በታች ባለው የእጅ አንጓ አጥንት እብጠት አጠገብ ያሳርፋል። ጠቋሚ ጣቱ ወደ እጇ በኩል፣ የቀለበት ጣቱ ወደ ክርኗ በኩል ይቀመጣሉ። በግራ እጅ ሦስቱ ቦታዎች የልብ፣ የጉበትና የኩላሊት፣ በቀኝ የሳንባ፣ የጣፊያና እንደገና የኩላሊት ናቸው። በሦስት ጥልቀት ይጫናል፦ ቆዳውን ነካ ብቻ፣ መካከለኛ፣ እስከ አጥንት። በራሱ አንድ ትንፋሽ ውስጥ አራት ወይም አምስት ምት ካገኘ ልክ ነው፤ ከዚያ ከበለጠ ፈጣን ይባላል። እንደ ክር የቀጠነና የፈጠነ ትርታ ከቀይ ምላስ ጋር ሲገጥም የዪን ማነስ ስም ይጸናል። እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ ከሆነ ጉበት ነው። ካልጫኑት የማይገኝ፣ በቀለበት ጣት ስር የደከመ ከሆነ የኩላሊት ያንግ ነው።

መልኮቹ

ከሁሉ የሚበዛው የኩላሊት ዪን ማነስ ነው ይላሉ፦ የሌሊት ላብ፣ የአፍና የዓይን መድረቅ፣ የወገብ ሕመም፣ ጆሮ ጭው ማለት፣ የብልት መድረቅ። ለዚህ የሚጠራው ሊዩ ዌይ ዲ ሁዋንግ የተባለው የስድስት ዕፅ ክኒን ነው። የሚገርመው እ.ኤ.አ. በ1119 በታተመው የቺየን ዪ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ይህ ቀመር ለሕፃናት የተሠራ መሆኑ ነው፤ ቺየን ዪ የሕፃናት ሐኪም ነበር። ሙቀቱ ከበረታ ዢ ሙና ሁዋንግ ባይ ይጨመሩበታል።

ልብና ኩላሊት ሳይነጋገሩ ሲቀሩ ደግሞ፣ ማለትም ከታች ያለው ውሃ ወጥቶ ከላይ ያለውን እሳት ሳያበርድ ሲቀር፣ ዋናው ችግር እንቅልፍ ይሆናል። በ8 ሰዓት ሌሊት መንቃት፣ ልብ ድው ድው ማለት፣ መርሳት ይከተላሉ። የታፈነ ጉበት ያለባት ሴት ትተክዛለች፣ ጡቷ ይወጠራል፣ አፏ ይመርራታል፣ በትንሽ ነገር ትናደዳለች። ለምክንያት የለሽ ለቅሶና ማዛጋት ከሃን ዘመን ጀምሮ የሚጠቀሰው ቀመር የወጥ ቤት ነገር ይመስላል፦ ስንዴ፣ ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥርና የቻይና ቴምር። ቴምር ይባል እንጂ የእኛው የቁርቁራ ዘመድ ነው።

አስቸጋሪው የተቀላቀለው ነው፤ እውነቱን ለመናገር ንጹሕ መልክ ይዛ የምትመጣ ሴት ጥቂት ናት። እንበል አንዲት የ51 ዓመት ሴት ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቃታል፤ ፊቷ ይነዳል። ብርድ ልብሱን ትገፋና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተንቀጥቅጣ መልሳ ትጎትተዋለች። ሌሊት ሦስት ጊዜ ሽንት ትነሳለች። ወደ ማታ ቁርጭምጭሚቷ ያብጣል። ምላሷ የገረጣና ያበጠ ነው፤ ጫፉ ግን ቀልቷል። ትርታዋ የጠለቀና የደከመ ነው። ሙቀቱን ብቻ ያየ ሰው ቀዝቃዛ ዕፅ ያዝላታል። ምላሱን፣ ሽንቱንና ብርዱን ደምሮ ያየ ግን ዪንም ያንግም አንሰዋል፣ ያለችው ትንሽ እሳት ወደ ላይ ተንሳፍፋለች ይላል። የሚያሞቁና የሚያበርዱ ዕፆችን በአንድ ድስት የሚያዋህደው ኤር ሺየን ታንግ የተቀመረው ለእንዲህ ዓይነቷ ነው። እሱም ቢሆን ጥንታዊ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሻንጋይ ውስጥ የተዘጋጀ ነው።

እግረ መንገዴን፦ የዚህች ሴት ቁርጭምጭሚት ማበጥ የልብ፣ የጉበት ወይም የእውነተኛው ኩላሊት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ጊዜ ለሽንት መነሳትም ስኳር ሊሆን ይችላል። ከያንግ ስም በፊት የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሽንትና የክሪያቲኒን (ኩላሊት በደንብ መሥራቱን የሚያሳይ የደም) ምርመራ መቅደም አለበት።

የሚሳሳተው የት ላይ ነው

መጀመሪያ ምላስ ላይ። ቡና ልባሱን ቡናማ፣ በርበሬ ምላሱን ቀይ ያደርጋሉ። በጠዋት ምላሷን በብሩሽ የፈገፈገች ሴት ልባስ የሌላት ትመስላለች። ከዚህ የከፋው ደግሞ በቪታሚን ቢ12 ወይም በብረት ማነስ የሚመጣው ለስላሳና ቀላ ያለ ምላስ የዪን ማነስን ምላስ ቁርጥ መምሰሉ ነው። ለስኳር ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት የወሰደች ሴት ቢ12 ሊያንሳት ስለሚችል እዚህ ላይ ልብ ይሏል። ትርታም እንዲሁ ነው። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል የልብን ምት ያቀዘቅዛሉ፤ የታይሮይድ ክኒን ሲበዛ ያፈጥናል። ደረጃ ወጥቶ ወዲያው የተቀመጠ ሰው ትርታም ለምርመራ አይሆንም፤ አሥር ደቂቃ ማረፍ ይገባል።

ሁለተኛ፣ መልኩ የሚወሰነው በባለሙያው ሚዛን ነው። አንዲትን ሴት ሦስት ሰዎች ለየብቻ ቢያዩዋት ሁለት ስም፣ አንዳንዴም ሦስት ስም ሊሰጧት ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ለባህላዊ ሕክምና መልኮች አንድ ምዕራፍ ሰጥቷል። ያ ግን ለመመዝገብና ለመቁጠር እንጂ መልኮቹ እውነት ናቸው ብሎ ለመመስከር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ትርጉም ላይ። ከቻይና የሚመጡ የሕክምና ቡድኖች ኢትዮጵያ ውስጥ መሥራት ከጀመሩ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም በየከተማው የአኩፓንክቸር፣ ማለትም ቀጫጭን መርፌ በሰውነት ነጥቦች ላይ የሚተከልበት ሕክምና፣ ክሊኒክ ያገኛሉ። ሼን ሹ የሚለው ቃል በአስተርጓሚ በኩል «የኩላሊት ድክመት» ሆኖ ሲደርስ፣ ሰምታ የማትደነግጥ ሴት የለችም። «የትኛው ኩላሊት ነው? የደም ምርመራ ላይ የታየ ነገር አለ ወይስ የእናንተ አነጋገር ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

መርፌው ይሠራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ለእኛ ጉዳይ ቀጥታ ይገባል። በቻይናው ምርመራ የኩላሊት ዪን ማነስ አለባቸው የተባሉ 327 ሴቶች በ8 ሳምንት 10 ጊዜ ታከሙ። ገሚሶቹ እውነተኛ አኩፓንክቸር፣ ገሚሶቹ ቆዳ የማይወጋ ደንዝ መርፌ ነበር የተሰጣቸው። በሁለቱም ወገን የሙቀቱ መብዛትና መበርታት 40 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ በመካከላቸው ልዩነት አልተገኘም። የእኔ ንባብ ይህ ነው፦ ሴቶቹ ተሽሏቸዋል፣ መሻሉን ግን ያመጣው መርፌው የገባበት ነጥብ አይመስልም። አንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ላብሽ ስንት ሰዓት ይመጣል ብሎ መጠየቁ፣ ጋደም ማለቱ፣ መጠበቁ የራሱ ጉልበት አለው። ለዕፆቹ ደግሞ እስካሁን ያሉት ጥናቶች ጥራታቸው የተለያየ ስለሆነ ጠንካራ ማስረጃ አልተገኘም። ለከባድ ወላፈን ከሁሉ ውጤታማ ሆኖ የተገኘው፣ ለሚስማማት ሴት፣ የሆርሞን ሕክምና ነው።

የትኛውም ስም ከመሰጠቱ በፊት በዘመናዊ ሐኪም መጣራት ያለባቸው ነገሮች አሉ። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ የማሕፀን ካንሰር አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ዕፅ አይጀመርበትም። የሌሊት ላብ ከሳል፣ ከክብደት መቀነስ ወይም ከትኩሳት ጋር ከመጣ በእኛ አገር መጀመሪያ የሚታሰበው ቲቢ ነው እንጂ ሌባ ላብ አይደለም። ሙቀት፣ የልብ ትርታ መፍጠንና መክሳት ታይሮይድ ሊሆን ይችላል። ከ40 ዓመት በፊት የወር አበባ መቆም ለብቻው የሚመረመር ጉዳይ ነው። በ45 የቀረ የወር አበባም እርግዝና ሊሆን ስለሚችል የሽንት ምርመራው ይደረግ።

ዕፅ ከተወሰደ፣ የእያንዳንዱ ስም የተጻፈበት ዝርዝር ይጠየቅ። ዳንግ ጉዊ ደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን ለሚወስዱ ሰዎች የደም መፍሰስ አደጋ ይጨምራል። ሊኮሪስ ሲበዛ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ፖታሲየም ይቀንሳል። ለሽበት ተብሎ የሚሸጠው ሄ ሾ ዉ ጉበት ጎድቶ ያውቃል። ፉ ዚ በሥርዓቱ ካልተቀቀለ መርዝ ነው። አሪስቶሎኪክ አሲድ ያለባቸው ዕፆች፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቤልጂየም ውስጥ እንደታየው፣ እውነተኛውን ኩላሊት ጨርሰው ያጠፋሉ፤ ካንሰርም ያመጣሉ። የጡት ካንሰር ታክማ የምታውቅ ሴት ከካንሰር ሐኪሟ ጋር ሳትነጋገር አንዱንም አትጀምር።

ለቀጠሮው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ደብተር መያዝ ይጠቅማል። ሙቀቱ የመጣበት ሰዓት፣ የጀመረበት የሰውነት ክፍል፣ ላብ አስከትሎ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ በርዶ እንደሆነ፣ ቀድሞ የተበላ፣ የተጠጣ ወይም ያናደደ ነገር ይጻፍበት። የሚወሰዱ ክኒኖች ከነካርቶናቸው ይያዙ። የዚያን ዕለት ጠዋት ቡናው ከምርመራው በኋላ ይቆይ፤ ምላስም አይፈግፈግ።